ባለ ላሙ

ሬሳው የተገኘው በተቃጠለው የፍራሽ መጋዘን ውስጥ፣ ከፊት በር አሥራ አንድ እርምጃ ገባ ብሎ፣ ከወደቀ የጣሪያ ብረት ሥር ነው። እርምጃውን የቆጠርኩት እኔ ነኝ። በጠዋት እርጥብ አመድ ውስጥ እየተንቦራጨቁ እርምጃ መቁጠር ሥራ ከተባለ፣ ይህን ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼዋለሁ። የተለወጠው ጫማዬ ብቻ ነው።

ሟቹ ራሱ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበር። ባልደረቦቹ «ረጅሙ» ይሉታል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች አስከትሎ በፊት በር ገባ፤ አራት ደቂቃ ሳይሞላ ጣሪያው ተደረመሰ። ሁለቱ ተቃጥለውም ቢሆን ወጡ። እሱ አልወጣም።

እሳቱን ያስነሳው የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ መሆኑን ባለሙያዎቹ እዚያው ነግረውኛል። በዚያ በኩል የሚፈለግ ሰው የለም። እኔን ያስጠራኝ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ የምትፈጅ የሬዲዮ ቅጂ ናት።

«ግልጽ ግድያ ነው» አለኝ አለቃዬ በስልክ። «መጋዘኑ ባዶ መሆኑን አዛዣቸው ያውቃል፤ ጥበቃው በጓሮ በር ወጥቶ ነግሮታል። ጣሪያው ሊወድቅ መሆኑንም በዓይኑ አይቷል። እያወቀ ግቡ አላቸው። ድምፁ አለ፣ ሰውየው ታስሯል፣ ምን ቀረህ? እስከ ዓርብ ዝጋልኝ።»

«ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው።»

«ቀኑን አልጠየቅኩህም» ብሎ ዘጋው።

የሬዲዮ ማዕከሉ መስኮቱ የማይከፈት አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ተረኛዋ ኦፕሬተር መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ስትፈልግ ነው የደረስኩት። በጣቴ ወደ ግንባሯ ጠቆምኳት። አመሰገነችኝና ቅጂውን ከፈተችልኝ።

መጀመሪያ የረጅሙ ድምፅ መጣ። «ከፊት ነን። እንግባ ወይ?»

ከዚያ የአዛዡ። «ግቡ!»

ከዚያ እንደገና ረጅሙ። «እሺ።»

«ድገሚልኝ» አልኳት። ሰባት ጊዜ ደገመችልኝ። ሰባት ጊዜም ግቡ ነው ያለው።

«የተነካካ ነገር አይኖርም?»

«ማን ይነካካዋል? ማሽኑ እየቀዳ ራሱ ነው የሚያሽገው። ከፈለጉ ባለሙያችሁ ይየው።»

ባለሙያችን አየው። አልተቆረጠም፣ አልተቀጠለም።

«ድምፁ የአዛዡ ለመሆኑ እርግጠኛ ነሽ?»

«የባለ ላሙን ድምፅ? በእንቅልፌም አውቀዋለሁ!» ብላ ሳቀች። ለምን እንደመጣሁ ትዝ ሲላት ደግሞ አፏን በእጇ ያዘች። «ይቅርታ። እኛው እዚህ ያወጣንለት ስም ነው።»

ላም ያረባል ማለት ነው ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ምኑ ያስቃል ብዬ ሳልጠይቃት ሌላ ጥሪ መጣባት።

የሬዲዮ ነገር እኔንም ሲያስመርረኝ ከርሟል። አሮጌው አናሎግ በአዲሱ ዲጂታል እየተቀየረ ነው ተባለ፤ ግን እንደ ሁሉ ነገራችን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። እሳት ውስጥ ለሚገቡትና ለማዕከሉ አዲሱ ተሰጣቸው፤ ለሌላው ሰው አሮጌው ቀረለት። ሁለቱ እንዲነጋገሩ ማዕከሉ ውስጥ አንዲት ማገናኛ ሳጥን አስቀመጡ። እኔ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱም ነበሩ። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉን ነገር ሁለት ሁለቴ ይነግሩኝ ነበር፤ አንዱ ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው ከኋላው ይደግመዋል። ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነበር። ደግነቱ አቤት ብለን ተስተካከለ።

አዛዡ ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ጥላሸቱ ከጥፍሮቹ ሥር አልወጣም። በማረፊያ ቤቱ አግዳሚ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

«ምን አሏቸው?»

«አትግቡ።»

«ቅጂውን አሰምተንዎታል።»

«ሰምቻለሁ። ድምፁ የኔ ነው። ቃሉ የኔ አይደለም።»

«እንደዚህ የሚባል ነገር አለ?»

«እኔም ሰምቼ አላውቅም።»

«መጋዘኑ ባዶ ነው፣ ጣሪያው ሊወድቅ ነው ቢሉ ምን ነበረበት? ለምን በአንድ ቃል?»

«ሬዲዮ ወሬ አይወድም፣ ኢንስፔክተር። ተጫን፣ ተናገር፣ ልቀቅ። ሠላሳ ዓመት እንደዚያ ነው የሠራሁት።»

«ከሟቹ ጋር ትነጋገሩ ነበር?»

«የእህቴ ባል ነው።»

«እሱን አልጠየቅኩም።»

ጉልበቱን አሻሸ። «ለሥራ እንነጋገራለን። ለሌላው ከተዘጋጋን ዓመት ሆነን።»

ነገሩን ከእሱም ከሌሎችም አሰባስቤ ተረዳሁት። ባለፈው ዓመት ረጅሙ ሳይፈቀድለት የሚነድ ቤት ገብቶ አንዲት አሮጊት አወጣ። ሰፈሩ አጨበጨበለት፤ አዛዡ ደግሞ ለአንድ ወር ከሥራ አገደው። ከዚያ ወዲህ አንደኛው ሲገባ ሌላው የሚወጣ፣ እህትየዋን መሀል ላይ ያስቀመጡ ሁለት ግትሮች ሆኑ።

«በመግባቱ የቀጣሁትን ሰው ግባ እላለሁ?» አለኝ።

«ሊገድለው የፈለገ ይላል።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ሰው ሲደክመው አፉ ይቀድመዋል። አዛዡ ግን አልተቆጣም። «እሺ አለኝ እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «እሺ ሲለኝ ደስ አለኝ። ከዓመት በኋላ ትእዛዜን ሳያጉረመርም የተቀበለው ያን ጊዜ ነው።»

የረጅሙ ቤት በር ላይ ጫማዎቹ እንደተደረደሩ ናቸው። እንደዚያ ያለ ትልቅ ጫማ አይቼ አላውቅም። ሚስቱ የለበሰችው ሹራብም የሱ መሆን አለበት፤ እጅጌውን ሦስት ጊዜ አጥፋዋለች።

«ቤተሰቦቻችን ሲሞቱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ» አለችኝ። «ያሳደገኝ ወንድሜ ነው። ፀጉሬን ሳይቀር የሚሠራኝ እሱ ነበር፤ ሲሠራ ደግሞ ያምማል። ባሌንም ከሥራ ቦታው ይዞ የመጣው እሱ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ትንሽ ችኩል ነው እንጂ አለኝ።»

«ሊጎዳው ይፈልጋል ብለሽ ታስቢያለሽ?»

«እሱን እንዲነግሩኝ ነው የምጠብቀው። እርስዎ ይንገሩኝ። ግቡ ብሏል ወይስ አላለም? ካለ ወንድም የለኝም። ካላለ ደግሞ ከዘመድ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው፤ ደሙን ያለ ጥፋቱ አላሸክመውም።» ድምፅዋ እዚህ ላይ ተሰበረ። መልሳ ጠገነችው። «እስከዚያ ግን እዚህ ቤት አይግባ። ቢለቁትም አይግባብኝ። ይንገሩልኝ።»

እነግረዋለሁ አልኳት። ሳልነግረው ቀረሁ፤ አንጀቴ እምቢ አለ።

ሐሙስ ጠዋት እሳት አደጋ ጣቢያ ሄድኩ። በሕይወት ከወጡት አንደኛው ሁለት እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል።

«ግቡ ነው ያለው» አለኝ። «የአዲሱ ሬዲዮ ድምፅ የሚመጣው ራስ ቁሩ ውስጥ ነው። ጆሮዬ ላይ ነው የተናገረው። ምን ብዬ ልሳሳት?»

«ማንም ሌላ ነገር የሰማ የለም?»

በፋሻው ወደ ውሃ ቦቴው ጠቆመ። «ያ ፈሪ ሌላ ነገር ይላል። ሁላችን ስንገባ እሱ ቆሞ ቀረ። አሁን ደግሞ የአዛዡ ጠበቃ ሆኗል።»

የቦቴው ሹፌር መኪናው መሰላል ላይ ብቻውን ሻይ ይዞ ተቀምጧል። ሻዩ ቀዝቅዟል። ሲያዩት ለሁለት ቀን ማንም አጠገቡ እንዳልተቀመጠ ያስታውቃል።

«አትግቡ ነው ያለው» አለኝ ገና ሳልጠይቀው። «ሲገቡ ሳይ ጮህኩ። ፓምፑ እየጮኸ ማን ይስማኝ። ሮጬ ልይዛቸው ስል ደግሞ ተዋጡ።»

«ከአዛዡ ጋር ጎረቤት ናችሁ አሉ።»

«ሃያ ዓመት።»

«ወዳጅህ ነው።»

«ወዳጄ ነው። ታዲያ ጆሮዬንም አዋስኩት?»

ደብተሬ ላይ «ይዋሻል» ብዬ ጻፍኩና ጥያቄ ምልክት አደረግኩበት። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለወዳጁ የማይዋሽ ሹፌር ገጥሞኝ አያውቅም። ይህኛው ግን ሲዋሽ ዓይኑን አላሸሸም። ወሬም አላበዛም።

ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ተቀመጥኩ። እስክርቢቶ ልፈልግ መሳቢያዬን ሳብኩት፤ እንደ ልማዱ ግማሽ መንገድ ተከፍቶ ነከሰ። «ለሚመለከተው ይተላለፍ» የሚል ወረቀት ሁሉ መጨረሻው እዚያ ነው። አንድ ቀን አጸዳዋለሁ እያልኩ ዓመታት አልፈዋል። በጉልበቴ ገፍቼ ዘጋሁትና በእርሳስ መጻፍ ጀመርኩ።

ግቡ የሚል የሰሙ፦ የገቡት ሁለቱ፣ ኦፕሬተሯ። አትግቡ የሚል የሰማ፦ ሹፌሩ። ሌላ ማን ነበረ? ከመንገድ ማዶ አምቡላንስ ቆሞ ነበር። ነጂዋ ሴት አዛዡንም ረጅሙንም የማታውቅ፣ በሥራ ተራዋ የመጣች ሰው ናት። ደወልኩላት።

«አትግቡ ሲል ሰምቼ ነበር» አለችኝ ያለ ማቅማማት። «እንዲያውም ጎበዝ፣ ዛሬ ሰው አልጭንም ብዬ ወንበሬን ወደ ኋላ ለጠጥ አደረግኩ። ከዚያ ጣሪያው ወረደ።»

«ይህን ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ልክ ናት። ስልኩን ልዘጋ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የፋሻው ልጅ «የአዲሱ ሬዲዮ ድምፅ» ነበር ያለኝ።

«እመቤት፣ ያንቺ ሬዲዮ አዲሱ ነው አሮጌው?»

«አሮጌው ነዋ። ለኛ ማን አዲስ ይሰጣል!»

የሹፌሩም አሮጌ ነው። የአዛዡም። የገቡት ሦስቱ አዲሱን ይዘዋል፤ የማዕከሉ መቅጃም ከአዲሱ ጋር ነው የተያያዘው። በአሮጌው የሰማ ሁሉ አትግቡ፣ በአዲሱ የሰማ ሁሉ ግቡ። አንድ ሰው፣ አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት ትእዛዝ። ማንም ያልዋሸበት ጉዳይ ሲገጥመኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደስ ይበለኝ ወይስ ልፍራ አላወቅኩም።

ወደ ማዕከሉ ተመለስኩ። መነጽሯን ዛሬም ግንባሯ ላይ ሰቅላለች።

«አዛዡን ለምንድን ነው ባለ ላሙ የምትሉት?»

ተሽኮረመመች። «ኧረ ተራ ቀልድ ናት። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሲገባ ይደውልና ሰላም ነው ይለናል። እዚህ ሲደርስ ግን…» አለችና የሰኞን ጠዋት ቅጂ ከፈተችልኝ።

«ላም ነው?» አለ አዛዡ።

የማክሰኞን ከፈተች። «ላም ነው?»

«ላሟ እንዴት አደረች እንባባላለን» አለች። ከዚያ ፊቴን አየች። እኔ የማስበውን ማሰብ ስትጀምር አየኋት። ከንፈሮቿ ሳይሰማ ሁለት ቃል ሞከሩ፤ መጀመሪያ ሙሉውን፣ ቀጥሎ ጎደሎውን። «ወይኔ!» ብላ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ወይኔ፣ እኛ እኮ ስንስቅ ነው የከረምነው።»

«እንደዚህ መሆን የጀመረው መቼ ነው?»

«ሦስት ወር ይሆነዋል። ድሮ ሰላም ነበር የሚለን።»

የሬዲዮ ቴክኒሻኑ የሚሠራው ከማዕከሉ ሥር፣ ሽቦ እንደ ጎመን በተከመረበት ምድር ቤት ነው። ቀጭን፣ አመዳም፣ የሚጠይቀው ሰው ሲናፍቅ የኖረ ሰው ነው።

«ሳጥኗ ምንም አልሆነችም» አለኝ። «ይስሙኝ። አሮጌው ሬዲዮ ሲጫኑት ወዲያው ይናገራል። አዲሱ ግን ከመናገሩ በፊት መንገድ ይጠይቃል፤ መንገዱ እስኪከፈትለት ዓይን ጨፍኖ እስከ መግለጥ ያህል ይፈጅበታል። ድሮ ሳጥኗ የአሮጌውን ድምፅ ያዝ አድርጋ ታቆየውና፣ መንገዱ ሲከፈት ሙሉውን ትለቀው ነበር። ምንም አይቀርም።»

«አሁንስ?»

«አሁን አታቆይም። ሰውየው ተጭኖ ወዲያው ከተናገረ መጀመሪያ የወጣው አንድ ሁለት ፊደል በር ላይ ይቀራል። የቸኮለ ሰው ደግሞ ይብስበታል።»

«አትግቡ ያለ ሰው…»

«ግቡ ይሆናል» አለና ፊቱ ተለዋወጠ። ለካ ስለ መጋዘኑ የነገረው ሰው አልነበረም።

«ማቆየቱን ማን አስተወው?»

«ፖሊስ ነዋ! ስታቆየው ይዘገያላ። አሮጌና አዲስ አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ ሰው ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ይሰማል። ሰለቸን ብለው አቤቱታ ጻፉ። አጥፋው ተባልኩ፣ አጠፋሁት።»

ጠረጴዛዬ ላይ የነበሩት ሁለት ሬዲዮዎች ታዩኝ።

«እኔ ግን ዝም አላልኩም» ቀጠለ ቴክኒሻኑ እየተጣደፈ። «በዚያው ቀን ማሳሰቢያ ጻፍኩ። ቅጂው ይኸው።»

ሁለት መስመር ናት። «አሮጌ ሬዲዮ የያዛችሁ ሁሉ፣ ቁልፉን ከተጫናችሁ በኋላ አንድ ብላችሁ ቆጥራችሁ ተናገሩ። አለበለዚያ የቃሉ መጀመሪያ አይሰማም።»

«ለማን ሰጠኸው?»

«አቤት ላለው ክፍል። ለእሳት አደጋና ለአምቡላንስ የሚያስተላልፈው አቤቱታ ያቀረበው ክፍል ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። አስፈርሜ ነው የሰጠሁት።» የደብዳቤ ማስረከቢያ ደብተሩን አምጥቶ ገጹን ገለጠና ወደ መብራቱ አስጠጋው። «ፊርማው አይነበብም እንጂ ቀኑ አለ። የማን እንደሆነ ያውቁታል?»

እንደ ትል የተጠማዘዘች፣ መጨረሻዋ ወደ ላይ የምትነሳ ፊርማ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ፈርሜያታለሁ።

«የኔ ነው» አልኩት።

መሳቢያውን ዓርብ ጠዋት በመፍቻ ነው ያስከፈትኩት። ማሳሰቢያዋ ከላይ ስድስተኛ ነበረች። የፖስታዋ አፍ እንደታሸገ ነው። በራሴ የእጅ ጽሑፍ «ይተላለፍ» ብዬባታለሁ። የተቀበልኳት ቀን ትዝ ሊለኝ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ደክሞኝ የነበረ ቀን ይሆናል፤ ከዚያ ውጭ ያለ ቀን የለኝም።

ሪፖርቱን አራት ገጽ አድርጌ ለአለቃዬ ሰጠሁት። አነበበ። አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ተነስቶ በሩን ዘጋው።

«ይህን ገጽ አውጣው።»

«አላወጣውም።»

«ሳጥኑ ነው በል። ሳጥን አይታሰርም፣ ሳጥን ሚስት የለውም። አዛዡም ነጻ ይወጣል። ምን ፈለግህ ሌላ?»

«ሳጥኑ የታዘዘውን ነው ያደረገው።»

«ሰውዬ፣ ለጡረታ ሦስት ዓመት ቀረህ!»

«አውቃለሁ። ወረቀቱን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አንተም ካወጣኸው መሳቢያህ ውስጥ ነው የምታስገባው።»

አለቃዬ አዛዡ እንዲፈታ ትእዛዝ ፈረመ። አራተኛውን ገጽ ከሌሎቹ ጋር ሰፋውና መታወቂያዬን እንዳስቀምጥ በእጁ ጠረጴዛውን አሳየኝ።

አዛዡን በራሴ መኪና ይዤው ሄድኩ። መንገድ ላይ ሁሉንም ነገርኩት፤ ላሟንም፣ ፖስታዋንም። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። በመስኮቱ እያየ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«እሺ ያለኝ ታዲያ…»

አልጨረሰውም። ረጅሙ እሺ ያለው ለግቡ ነው።

ከእህቱ ቤት ስንደርስ አዛዡ ከአጥሩ በር አላልፍም ብሎ ቆመ። ብቻዬን ሄጄ አንኳኳሁ። ጫማዎቹ አሁንም እንደተደረደሩ ናቸው። እህትየዋ ከፈተችና ከኋላዬ ያለውን ወንድሟን አየች።

«ወንድምሽ አትግቡ ነው ያለው» አልኳት። «የሰሙ ሁለት ሰዎች አሉ። የቃሉ መጀመሪያ ነው መንገድ ላይ የቀረው። እንዳይቀር የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ተጽፎ ነበር። ለእነሱ ማስተላለፍ የነበረብኝ እኔ ነኝ። አላስተላለፍኩም።»

ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት። እጅጌዋን አንድ ጊዜ አጠፈች፣ መልሳ ፈታችው።

«ስንት ቀን አስቀመጡት?»

«ሦስት ወር።»

«ለማንበብስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«አንድም አይሞላም። ሁለት መስመር ነው።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ለኔ ሳይሆን ለራሷ። ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ አጥሩ ጮክ አለች።

«ግባ።»

አዛዡ አልተንቀሳቀሰም። ጆሮውን ማመን አቅቶት እንደሆነ ፊቱ ላይ ይነበባል። «ምን አልሽ?»

«ግባ አልኩህ፣ ወንድሜ።»

ያ ሰው በሠላሳ ዓመት ሥራው እንደዚያ ቀስ ብሎ የተራመደ አይመስለኝም። አጠገቤ ደርሶ አለፈኝ። ጫማውን አውልቆ ከትልልቆቹ ጫማዎች ጎን አስቀመጠና ግንባሩን ትከሻዋ ላይ ጣለ። ሁለቱም አለቀሱ። ይቅርታ መጠየቅ እንዳለብኝ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ልናገር ብዬ እግሬን ወደ ደፉ አነሳሁ።

እሷ በሩን በአንድ እጇ ያዘችው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እርስዎ ነበር የምትለኝ።

«አንተ አትግባ» አለችኝ።

ሙሉውን ሰማሁት። አንድም ፊደል አልቀረም።